ዛሂር ያልኩት ሰው

እሑድ ጥር 8፣ 2014

ኔትወርክ መጣ! እህቴ ራህመት ከደጅ እየጮኸች ስትገባ እማ ሌላ ነገር የመጣ መስሏት የመጋረጃውን ጫፍ ጨብጣ ቀረች። እንዲህ ሆነናል እንግዲህ፤ የደስታ ጩኸትም ያስበረግገናል።

የቴሌግራም ቻናሌን ከፈትኩት። ታጣቂዎቹ ሐይቅ ከመግባታቸው በፊት የለጠፍኩት የልቦለዴ የመጨረሻ ክፍል እንደተንጠለጠለ አለ። ከሥሩ የኮሜንት መዓት። «ቀመሪያ የት ጠፋሽ?» «ንግሥት ሉባባ ሞታ ቀረች እንዴ?» «ወሎ ውስጥ ካለሽ አላህ ይጠብቅሽ።» ይቺን ሳነብ እንባዬ መጣ። ቀመሪያ እኔ ሰሚሃ መሆኔን ከራህመት በቀር የሚያውቅ የለም፤ የየት አገር ሰው መሆኔንም ለማንም አልተናገርኩም።

ከኩዌት ያመጣሁት ሁሉ ሄዷል። ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሱቅ ልከፍትበት የነበረው የስፌት መኪና፣ ሁሉም በኅዳር መኪና ላይ ተጭኖ ሄደ። እኔና ራህመት ጓሮ ማገዶ ቤት ተደብቀን በቀዳዳ እያየን። ስልኬ የተረፈው ዱቄት ውስጥ ቀብሬው ነው። አሁን ያለኝ ስልኬና ንግሥት ሉባባ ናቸው። እጽፋለሁ።

ማክሰኞ ጥር 10

መብራት ስላለ ዛሬ በሰፊው ልጻፍ።

ኩዌት እያለሁ ማዳሟ ስትተኛ ኩሽና ወለል ላይ ፍራሼን ዘርግቼ ዌብ ኖቭል፣ የኢንተርኔት ልቦለድ፣ አነብ ነበር። ከሩቅ ምሥራቅ ወደ ዐረብኛ የተመለሱ፣ ሺህ ክፍል ያላቸው፣ ማለቂያ የሌላቸው። አንብቤ አንብቤ እንደ ዳኛ ሆንኩ። በቀል ላይ ማንም አይደርስባቸውም። ጀግናዋ ተከድታ ትሞታለች፤ ዐይኗን ስትገልጥ ከመሞቷ ዓመታት በፊት ራሷን ታገኘዋለች፤ ማን እንደሚከዳት አስቀድማ ታውቃለች። ከዚያማ አንድ በአንድ ማንበርከክ ነው። ማዳሟ የሰደበችኝ ቀን አንድ ባላባት ሳይንበረከክ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ዓለም መፍጠር ላይ ግን ሰነፎች ናቸው። ቤተ መንግሥት አለ፣ ዱቄት የሚፈጭ የለም። መቶ ሺህ ጦር ይዘምታል፣ ስንቁን ማን እንዳዘጋጀው አላህ ይወቅ። ፍቅራቸውንማ ተዉኝ! መስፍኑ ቀዝቃዛ ነው፣ ዐይኑ በረዶ ነው፣ ግድግዳ ያስደግፋታል፣ አለቀ። ሰው እንዲህ ይዋደዳል?

የራሴን ስጀምር ስለዚህ ዓለሙን ከማውቀው ሠራሁት። አዝሩቅ የሚባል መንግሥት፤ ሐይቅ ዳር፤ ወደ ውሃው የገባች የመሬት ምላስ አለች፣ እዚያ ሴት የማትረግጠው የአዋቂዎች ደብር አለ። ከበስተጀርባ የአምባሰልን ገደል አቆምኩት፤ ስሙን ብቻ ቀየርኩ። አንባቢዎቼ «የሄድንበት ይመስለናል» ይላሉ።

ሉባባን የሚከዳት ሰው ማን እንደሆነ ሳልጽፍ ነበር ጦርነቱ የደረሰው። አሁን አውቄዋለሁ።

ቅዳሜ ጥር 14

ጻፍኩት። ስሙ ዛሂር፣ የንጉሡ ወፍጮ ጠባቂ። መፋቂያ ከጆሮው አይለይም። ሲስቅ የፊት ጥርሱ መሃል ክፍት ነው። ጠላት ሲገባ ቋንቋቸውን ስለሚያውቅ ከበር በር እየመራ ያዞራቸዋል። ንግሥቲቱ በቀዳዳ ታየዋለች፤ ከነሱ ጋር ቆሞ ይስቃል።

እጄ ሳያርፍ ወጣ። ስሙን መፈለግ ብቻ ነው የቸገረኝ።

የሰፈራችን ወፍጮ ቤት ባለቤት ዑበይዱላህ ያን የኅዳር ቀን ስቋል። ወላሂ ስቋል፤ ከታጣቂዎቹ ጋር እኛ ደጅ ላይ ቆሞ። ራያ በኩል እህል ሲያመላልስ ቋንቋቸውን ለምዷል፣ በግድ ነው ያዞሩት ይላሉ። እሺ፣ በግድ ያዙሩት። በግድ ያስቁታል?

ኩዌት ስሄድ ሻንጣዬን እስከ መናኸሪያ የተሸከመው እሱ ነው። ጎረቤት ነዋ፣ ጎረቤት ሻንጣ ይሸከማል። ከተመለስኩ ዓመት አለፈኝ፣ አንድ ሽማግሌ አልላከም። እኔም አልጠበቅኩም። ይሄን ምን አስጻፈኝ?

ሐሙስ ጥር 19

እማ በቆሎውን ይዤ ስወጣ «ወፍጮ ቤት ራህመት ትሂድ» አለችኝ። ለምን ስላት «ዝም ብለሽ» አለች። ሄድኩ።

ወረፋው ረጅም ነበር። ዑበይዱላህ እንዳየኝ ስልቻዬን ከመሃል አንስቶ ከፊት አደረገው። ማንም አልተቆጣም። ራሱ ላይ ዱቄት ነጭ ብሎ፣ ዐይኑን መሬት ተክሎ፣ «ጤናሽን እንዴት ነሽ?» አለኝ።

«ምን እሆናለሁ?» አልኩት። «ደህና ነኝ፤ ዕቃ የሌለው ሰው ቀላል ነው።»

ፊቱ ቀላ። ሳንቲሙንም አልቀበል አለ። ሌባ ካልሆነ ምን ያሽኮረምመዋል? ቤቴ ገብቼ የሚቀጥለውን ክፍል በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩ። ዛሂር ለንግሥቲቱ ዱቄት በነጻ ይልካል፣ ውስጡ መርዝ አለ።

ረቡዕ የካቲት 2

አንዱ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ይሄማ የሐይቁ ወፍጮ ቤት ሰውዬ ነው! መፋቂያው ሳይቀር! ቀመሪያ የኛ ልጅ ነሽ እንዴ?»

ልብ አደረግኩበት። ቀይ ልብ። «ልቦለድ ነው» ማለት እችል ነበር። ኮሜንቱን ማጥፋት እችል ነበር። ጣቴ ሄደ። ጣት ብቻውን ይሄዳል እንዴ?

ሌላዋ ደግሞ እንዲህ አለች፦ «በቀሉ አንደኛ፣ ዓለሙ አንደኛ፣ ፍቅሩ ግን ውሃ ውሃ ይላል። መስፍኑ ሲመጣ ሉባባ ታዛጋለች። ልቧ የሚመታው ዛሂር ሲገባ ነው፣ አላስተዋላችሁም?»

ብሎክ አደረግኳት። ስለ ሥነ ጽሑፍ ምን ታውቃለች!

ማክሰኞ የካቲት 8

ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ። ሁለት ልጃገረዶች ከፊቴ።

«ዛሂር ዛሬ ወፍጮ አልከፈተም።»
«ማነው ዛሂር?»
«ኧረ በአላህ! አላነበብሽም? ሊንኩን ልላክልሽ።»

ጀሪካኔ ሞልቶ ሲፈስ ሴትዮዋ «ልጄ ውሃው!» እስክትለኝ አላየሁም። ማታ ራህመት የወፍጮ ቤቱ በር ላይ በከሰል ዛሂር ተብሎ ተጽፏል አለችኝ። ከዚያ «ለተከታይ ጥሩ ነው» ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

እሑድ የካቲት 13

የመሃላውን ክፍል ለጠፍኩት። እኛ ዘንድ ሰው ተጠርጥሮ ምስክር ሲጠፋ መሃላ ይመጣል። ሼሆቹ ባሉበት ቁርአኑ ላይ እጁን አኑሮ «አላደረግኩም» ይላል። ከማለ ነገሩ ተዘጋ፣ ከዚያ ወዲያ የሱና የጌታው ነው። እምቢ ካለ ግን አለቀለት። ንጹሕ ሰው ምን ፈርቶ አይምልም? ይሄን ሕፃኑም ያውቀዋል።

ሉባባ ዛሂርን ሐይቁ ዳር አቁማ «ማል» ትለዋለች። ምላሱ ይደርቃል። ሕዝቡ ይጮኻል። እንዲህ ያለ ክፍል ጽፌ አላውቅም። አንባቢው አበደ። ከውጫሌ፣ ከወልድያ፣ ከጅዳ ሳይቀር ሼር አደረጉት።

እንዴት ደስ እንደሚል! እንዴት ደስ እንደሚል አላህ ይይልኝ።

ቅዳሜ የካቲት 19

የወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ድንጋይ ወረወሩ። ሰው እህሉን ወደ ታችኛው ወፍጮ እያዞረ ነው። የዑበይዱላህ እናት እትዬ መስኡዳ ገበያ ላይ ሽንኩርት ከልክለዋቸው ተመለሱ። እማ ይሄን ሰምታ እያለቀሰች ነው። «ምን አስለቀሰሽ?» ስላት «ዐይኔን ጭስ ነው» አለች። ምድጃው አልተለኮሰም።

የጻፍኩት ልቦለድ ነው። ድንጋይ የወረወርኩት እኔ አይደለሁም። ልቦለድ ነው።

ዓርብ የካቲት 25

ከጁምዓ በኋላ የሰፈሩ ወጣቶች ሼህ ኑርዬን ከበው አስቆሟቸው። መሪያቸው አብዱልሰመድ ነው፤ የሞባይል ሱቁ ባዶ ቀርቷል፤ ንዴቱ ይገባኛል። «ዑበይዱላህ ይማልልን» አለ። «ቤት ለቤት ይዟቸው የዞረው እሱ ነው። ረመዳን ሳይገባ ይለይ።»

ሼህ ኑርዬ «መሃላ ጨዋታ አይደለም፣ ልጆቼ» ቢሉ አንዱ ከኋላ «እንደ ዛሂር ይማል!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ። ሼሁ ዛሂር ማን እንደሆነ ጠየቁ አሉ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ሰው እሳቸው ብቻ አያውቁትም።

ራህመት ይሄን ስትነግረኝ ቆይታ «አንቺ አስቁሚው» አለችኝ። «እንዴት?» አልኳት። «እንዴት እንደጀመርሽው!» ብላ በሩን አላተመችው።

ቅዳሜ መጋቢት 3

መስጊዱ ጀርባ ዋርካው ሥር። ወንዶች በአንድ በኩል፣ እኛ በሌላው። የሺሀረግም መጥታ ነበር፤ ክርስቲያን ናት፣ የእሷም ቤት ተዘርፏል፣ ነገሩ የሰፈር ነው። እማ ከጎኔ ተቀምጣለች። «እንሂድ፣ አሞኛል» አለችኝ። እኔ ግን ማየት ፈለግኩ። ይሄን ደብቄ ምን ልጠቀም፤ ማየት ፈለግኩ።

ሼህ ኑርዬ ቁርአኑን በነጭ ጨርቅ ላይ አኑረው፣ «ዑበይዱላህ ልጄ፣ ቤት አላሳየሁም፣ ስለ ማንም ሰው ቤትና ገመና አንዲት ቃል አልሰጠኋቸውም ብለህ ማል፣ ይብቃን» አሉት።

ተነሳ። እጁን ዘረጋ። «ቤት አላሳየሁም» ብሎ ማለ። ከዚያ እጁን አነሳው።

«ሁለተኛውስ?» አለ አብዱልሰመድ።
«እሱን አልምልም።»
«ቃል ሰጥተሃል ማለት ነው?»
«አልምልም አልኩ።»
«ለማን ቤት? ምን አልክ?»
«አልናገርም።»

ወደ ሴቶቹ አየ። እኔን ያየ መሰለኝ፤ ያየው እማን ነው። እማ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። ጫጫታው ሲነሳ የሺሀረግ ከተቀመጠችበት ሆና «ኸረ ተዉት! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ያኔ ማናችን ትንፍሽ አልን?» ብትል የሚሰማት ጠፋ። ሼህ ኑርዬ ድምፃቸው ደክሞ ፈረዱ። ረመዳን ከመግባቱ በፊት በሻዕባን ወር መዝጊያ ወዳጃ፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ ዱዓ በሚያደርግበት፣ ይናገር፤ እስከዚያ ማንም እህል አይውሰድለት፣ ማንም እሳት አይስጠው። ያኔም ካልተናገረ ከመሃላችን ይውጣ።

ምላሱ ሲደርቅ ሕዝቡ ሲጮኽ፣ እኔ የጻፍኩት ነው። አንድ ነገር ብቻ አልጻፍኩም፤ እናቱ መሬት ላይ ተቀምጠው ጫማውን ይዘውት ነበር።

ያው ቀን፣ ማታ

እማ ነገረችኝ። እንዳለችው ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ነገ ለራሴ አሳምሬ አወራዋለሁ።

ታጣቂዎቹ ደጃችን የቆሙት ለፍሪጅ ብቻ አልነበረም። «ከዐረብ አገር የመጣችው ልጅ የት አለች?» ብለው ነበር። ዑበይዱላህ ያን ጊዜ ነው የሳቀው። «እሷን ነው? ለራሳችሁ ብትፈሩ ይሻላችኋል፤ ያን በሽታ ይዛ ነው የመጣችው፣ እዚህ አገር የሚነካት የለም» ብሎ እየሳቀ ነገራቸው። ባይስቅ አያምኑትም ነበር። እነሱም ሳቁ። ዕቃውን ጭነው ሄዱ፤ ጓሮ አልዞሩም። ማገዶ ቤቱን አልከፈቱም። ራህመት ከኔ ጋር ነበረች፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

በማግስቱ መጥቶ እማ እግር ላይ ወደቀ። «እትዬ፣ የልጅዎን ስም አጉድፌአለሁ፣ አውፍ በሉኝ።» እማ ምን አደረገች? ቁርአን አስይዛ አስማለችው። ያን ቃል ለማንም፣ ለኔም ጭምር፣ በሕይወቱ እንዳይናገር። «ያላገባች ልጅ ናት፤ ይሄ ቢወራ ማን ያገባታል?» ብላ።

ስለዚህ ቃል አልሰጠሁም ብሎ መማል አይችልም፣ ሰጥቷልና። ምን ቃል እንደሆነም መናገር አይችልም፣ ምሏልና።

«ዛሬ ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» ብዬ ጮኽኩባት።

እማ ቀስ ብላ፣ «ዛሂርንስ ማን ጻፈው?» አለችኝ።

ራህመት ነግራታለች። ከነገረቻት ስንት ጊዜ እንደሆነ አልጠየቅኩም። እማ ምን ስሠራ እንደከረምኩ እያወቀች ምሳዬን ስታቀርብልኝ ነበር።

ሰኞ መጋቢት 5

ዛሬ ሼህ ኑርዬ ቤት ድረስ ሄድኩ። በሩን ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ሰው ነበረ ብዬ። ሰው አልነበረም።

ረቡዕ መጋቢት 7

«ያ በሽታ አለባት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሐይቅ ውስጥ በእግሩ ሲሄድ አስበዋለሁ። ከቦኖ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ውጫሌ። ውሸት ነው ብዬ ብምል፣ ምን ፈርታ ማለች ይሉኛል። ይሄን ጨዋታ የማውቀው እኔ ነኝ።

እሱ ያን ሁሉ ተሸክሞ ዝም አለ። እኔ አንዲቷን መሸከም አቃተኝ። ውርደቴ ይሄ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ዓርብ መጋቢት 9

መላ አገኘሁ! ማንም ሳይነካ። አዲስ ክፍል ጻፍኩ። ዛሂር ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ የሳቀው ንግሥቲቱን ለማዳን ነው፤ ዝም ያለው ስሟን ለመጠበቅ ነው። አልቅሼ ጻፍኩት። እንዲህ ያመረ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ለጠፍኩት።

ቅዳሜ መጋቢት 10

«ምንድነው ይሄ?» «ቀመሪያ በስንት ገዙሽ?» «በቀሉን አበላሸሽው።» «ከሃዲን ማጽዳት ፋሽን ሆነ?» «ይሄማ ልቦለድ ነው፣ በእውነት ዓለም እንዲህ ያለ ሰው የለም።»

የመጨረሻዋን የጻፈው አብዱልሰመድ ነው፤ በራሱ ስም።

ስከሰው በልቦለዴ አመኑ። ሳጸዳው ልቦለድ መሆኑ ትዝ አላቸው። አስተግፊሩላህ፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው የሠራሁት!

ረቡዕ መጋቢት 14

ወፍጮ ቤት ሄድኩ። በቀን፣ ሰው እያየኝ። የሞተሩን ብሎን እየፈታ ነበር። የውጫሌ ነጋዴ ሊገዛው ነው።

«ከዚያስ?» አልኩት።
«ከዚያ እንደ ሰዉ። ጅቡቲ፣ የመን፣ ሳዑዲ።»
«በዚያ መንገድ ስንቱ ቀርቷል!»
«ስንቱም ደርሷል።»

እማ እንደነገረችኝ ነገርኩት። ብሎን መፍቻውን አስቀመጠ፤ ግን ቀና አላለም። «እንግዲያው እኔ አልነገርኩሽም» አለ። «አላህ ያውቃል፣ ከኔ አፍ አልወጣም።»

«ሼህ ኑርዬ ዘንድ ሄደህ ከመሃላው የምትወጣበትን ጠይቅ። ማካካሻ፣ ከፋራ አለው አይደል?»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ። ደግሞስ ብናገር ያቺ ቃል ማን ላይ ትወድቃለች? እኔ ወንድ ነኝ፤ አንድ አገር ቢጠበኝ ሌላ አለ። አንቺ የት ትሄጃለሽ?»

ያኔ ነው የተናገርኩት። «ዛሂርን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»
«ከመቼ ጀምሮ?»
«ከመጀመሪያው። ዛሂር ገና ሳይመጣ። ሉባባ አገሯን ስትለቅ ሣጥኗን የተሸከመላት ልጅ ሎሚ ይሰጣታል አላልሽም? ጉዞው እንዳያስመልሳት። መናኸሪያ ላይ ሎሚ ስሰጥሽ ከኔና ካንቺ በቀር ማን ነበር?» ከዚያ እንደ መሳቅ አለ። «ክፍል በክፍል ነው ያነበብኩት። መፋቂያዋን ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሻት።»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዱቄት በዱቄት ሆኜ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። እያንዳንዷን ክፍል፣ መርዙን፣ መሃላውን፣ ተቀምጦ አንብቧታል፤ ቀጥሎ ምን እንደማደርገው ለማወቅ እየጠበቀ።

ማክሰኞ መጋቢት 20

ሞተሩ በጋሪ ተጭኖ ሄደ። እትዬ መስኡዳ ጋሪውን ተከትለው እስከ አስፋልቱ ወጡ። ከነገ ወዲያ ወዳጃው ነው። እማ ጾም ሳይገባ መጾም ጀምራለች፣ አትበላም። እኔም አልነካሁም።

ሐሙስ መጋቢት 22

እጄ እስኪቆም ልጻፍ።

ወዳጃው ከዐሱር ሶላት በኋላ ነበር። ዱዓው ተጀመረ፣ ለዝናቡ፣ ለሰላሙ፣ መሄጃ ላጣው፣ ለሞተው። ከዚያ ሼህ ኑርዬ ዞረው «ዑበይዱላህ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው፤ ጾሙን በቂም አታስገባን፣ ተናገር» አሉት። ቆመ። ጃኬቱን ለብሷል፣ ትንሽ ቦርሳ አጠገቡ ናት። «የምለው የለኝም» አለ። «አውፍ በሉኝ፣ እኔም አውፍ ብያችኋለሁ።» ቦርሳዋን አነሳት።

ተነሳሁ። እማ ቀሚሴን ይዛ ነበር። ሳብ ሳደርገው ለቀቀችኝ።

«እኔ እናገራለሁ» አልኩ። ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጠነ። «ያ ቃል ስለ እኔ ነው።» ሁሉንም አልኩት። እኔን እንደጠየቁ፣ እሱ ያን በሽታ ይዛለች እንዳላቸው፣ እንደሳቀ፣ እንደሄዱ። እኔ ደህና መሆኔን ተናገርኩ፤ ስናገረው ለራሴም የውሸት መሰለኝ። «ዛሂር የሚባለውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ቀመሪያ እኔ ነኝ። ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ በሰው ላይ የጻፍኩ።»

ከዚያ አብዱልሰመድ፣ በክፋት አይደለም፣ ግራ ገብቶት ነው፣ «ይሄስ ልቦለድ ላለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለን?» አለ።

የሚመልስለት እኔ አልነበርኩም። እማ ናት። ወንዶቹ መሃል አልፋ ሄዳ ጨርቁ ላይ ካለው ቁርአን ፊት ተንበረከከች። «እኔ ዑምኩልሱም፣ ልጄ ያለችው እውነት ነው። እንዳይናገር ያስማልኩት እኔ ነኝ። እሱ ሲዋረድ አፌን ይዤ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ» ብላ ማለች። ሼህ ኑርዬ ዐይናቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ጠረጉ። አብዱልሰመድ ተነስቶ ቦርሳዋን ከዑበይዱላህ እጅ ተቀብሎ መሬት አስቀመጣት። እትዬ መስኡዳ እልል አሉ። ሰው እየተነሳ ይጨብጠው፣ ትከሻውን ይስመው ጀመር።

እኔ ቦታዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። በግራዬ የነበረችው አሚናት ሸሽ ብላ ቀሚሷን ሰበሰበች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ልጆቿን ሰርታ የምታሳድግ ጨዋ ናት። ብቻ ሸሽ አለች።

የዱዓው ውሃ በጣሳ መዞር ጀመረ፤ አንድ ሰው ይጎነጭና ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ እንዲህ ነው ወጉ። ደረሰኝ። ጎነጨሁና ለአሚናት ዘረጋሁላት። «ጠጥቻለሁ» አለች። አልጠጣችም። ከሷ ወዲያ ላለችው ዘረጋሁ፤ እሷም ልጇን ማባበል ጀመረች። ጣሳው እጄ ላይ ቀረ። ማስቀመጥም አፈርኩ፣ መጠጣትም አፈርኩ። እማ ገና ወንዶቹ ዘንድ ተንበርክካ ነው። ሁሉም እያየኝ ማንም አያየኝም።

ያኔ ሰው በላዬ ቆመ። ወንድ ወደ ሴቶቹ መሃል አይገባም፤ ዑበይዱላህ ገባ። «ጠምቶኛል» አለና ጣሳውን ከእጄ ወስዶ እኔ ከጠጣሁበት በኩል አፉን አድርጎ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣው። «አልሐምዱሊላህ!» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ውሃ ቀጂዋን ጠርቶ ጣሳውን አስሞላና ለአሚናት ሰጣት። ሰጥቷትም አልሄደም። ቆሞ ጠበቃት።

አሚናት ጣሳውን አየችው፣ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ ጠጣችና አቀበለች።

እኔ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። ከፊቴ ያለው ዱቄት የለበሰ ጫማው ነበር፤ ውሃው ዞሮ እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሰም።